የፊንላንድ የቤተሰብ ስም ከየት እንደመጣ በሰነድ እንዴት ይጣራል?

ቪርታነን የሚል የቤተሰብ ስም ያለው ፊንላንዳዊ ስለ ስሙ ምንጭ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ትርጉሙን ነው፤ «ቪርታ» ማለት ወራጅ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ቅድመ አያቶቼ በወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር ይላል። መልሱ ያምራል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ቪርታነን ከሚባሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ስሙን የወሰዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የወሰዱትም የግድ ወንዝ ዳር ስለኖሩ ሳይሆን በጊዜው ከነበረው የስም ፋሽን ጋር የሚሄድ፣ ለጆሮ የሚጥም የፊንላንድኛ ቃል ስለፈለጉ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ስም ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው ዘግቶ በሌላ ጥያቄ ቢጀምር ይሻለዋል፦ ይህ ስም ወደ ዛሬው ባለቤቱ የደረሰው በደም ወርዶ ነው፣ ከእርሻ መሬት ጋር ተጣብቆ ነው፣ ከወታደር ምድብ ነው፣ ወይስ በጋዜጣ ታውጆ? የፍለጋው መንገድ በሙሉ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

በጋብቻ፣ በጉዲፈቻ ወይም በልጆቻቸው ምክንያት የፊንላንድ ስም ወደ ቤታቸው የገባ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የሚከብዳቸው አንድ ስም ለትውልዶች ሳይለወጥ መውረዱ ነው፤ እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ያንን ስም ትቶ በራሱ አባት ስም ይጠራል። የምዕራብ ፊንላንድ ገበሬ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህ ረገድ ከእኛ ገበሬ ብዙም አይለይም ነበር። ሄይኪ የሚባል ሰው ልጁን ማቲ ቢለው ልጁ ማቲ ሄይኪንፖይካ፣ ማለትም የሄይኪ ልጅ ማቲ፣ ይባላል፤ የማቲ ልጅ ዩሆ በተራው ዩሆ ማቲንፖይካ ይሆናል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ በ«ፖይካ» ፈንታ «ቲታር» ይገባል። ሁሉም ሰው የሚወርስ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያስገደደው ሕግ የወጣው በ1920 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የኖረን ሰው ዘሮቹ ዛሬ በሚጠሩበት ስም ብቻ መፈለግ ሰው በሌለበት ቤት በር ማንኳኳት ነው።

አገሩን በሐሳብ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። በምሥራቅ፣ በሳቮና በካሬሊያ፣ የሚወርስ የቤተሰብ ስም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን ምክንያቱም አኗኗራቸው ነው። የሳቮ ሰዎች ደን ቆርጠውና አቃጥለው በአመዱ ላይ እህል ይዘሩ ነበር፤ ማሳው ከጥቂት አዝመራ በኋላ ስለሚደክም ወደ ሌላ ደን ይሻገራሉ፤ ሥራው ብዙ ክንድ ስለሚጠይቅም ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ከነቤተሰባቸው አብረው ይኖሩና ይሠሩ ነበር። ቦታው ስለሚለዋወጥ የቤተሰቡ ማንነት ከቦታ ጋር ሊታሰር አልቻለም፤ ስሙ ከሰዎቹ ጋር ተጓዘ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ጠፍ ደኖች እንዲሰፈሩ በገፋፋ ጊዜ ወደ ካይኑና ወደ ማዕከላዊ ፊንላንድ፣ ኋላም ወደ ስዊድንና ኖርዌይ የድንበር ደኖች የፈለሱት የሳቮ ቤተሰቦች ስማቸውን ይዘው ነው የሄዱት። በምዕራብ ግን ገበሬው ቋሚ ማሳ ነበረው፤ ስም የነበረው እርሻው ነው። ሰው ወደ እርሻው ሲገባ የእርሻውን ስም ያገኛል፣ ሲወጣም ትቶት ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የስሙን መጨረሻ ማየት ይጠቅማል፤ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ ግን አይደለም። «ነን» የሚለው መጨረሻ በአማርኛ ጆሮ «እኛ ነን» የሚል ይመስላል፤ ነገሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ቅጥያው በአንድ በኩል ትንሽነትን፣ በሌላ በኩል የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቦታ ወገን መሆንን ያመለክታልና። ሄይኪነን የሄይኪ ወገን ነው፤ ካርሁነን የመጣው «ካርሁ» ከሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙ ድብ ነው፤ ኬቱነን ደግሞ «ኬቱ» ከተባለው ቀበሮ ይወጣል። ሃማላይነን ማለት በምዕራቡ ወገን ያለው የሃሜ አገር ሰው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ጀማሪው በቀጥታ ወደ ሃሜ መዛግብት ይሮጣል። ነገር ግን ጎጃሜ የሚል ቅጽል ጎጃም ውስጥ ሰውን ከሰው እንደማይለይ ሁሉ፣ በሃሜም ሁሉም የሃሜ ሰው ስለሆነ ስሙ እዚያ ጥቅም አልነበረውም፤ የተለጠፈው ከሃሜ የመጣው ሰው እንግዳ በሆነበት በምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩትን ሃማላይነኖች መፈለግ ያለብን በሳቮ ነው።

በሌላ በኩል ኒየሚነን (ወደ ውሃ የገባ መሬት)፣ ማኪነን (ኮረብታ)፣ ያርቪነን (ሐይቅ)፣ ኮስኪነን (ፈጣን የወንዝ ፍሰት) የመሳሰሉት ያው «ነን» ቢኖራቸውም በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብና በደቡብ የተያዙ አዳዲስ ስሞች ናቸው፤ ሁለት ኒየሚነኖች ተገናኝተው ዘመድ ነን ቢሉ ለማመን መቸኮል አይገባም። «ላ» የሚለው መጨረሻ ቦታን ያመለክታል፦ ማቲላ የማቲ ቤት፣ ሄይኪላ የሄይኪ ቤት፣ አንቲላ የአንቲ ቤት ነው። በ«የስ» የሚያልቀው ስም ቤተሰቡ ቄስ ወይም የተማረ ሰው እንደነበረው ይጠቁማል፤ ተማሪዎች የትውልድ ቦታቸውን ስም የላቲን ልብስ ያለብሱት ነበርና። ቶፔሊየስ በኦውሉ አካባቢ ከምትገኘው ከቶፒላ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሲቤሊየስ የቤተሰብ ስምም ሲቤ ከተባለ እርሻ የመጡ ናቸው። የመኳንንቱ ስም ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ማነርሃይም የሚለው ስም የተወለደው ማርሃይን የተባለ ቤተሰብ በ1693 ወደ መኳንንት ማዕረግ ከፍ ሲል ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከዛሬ ወደ ኋላ ነው። ከታወቀ የጥንት ባለ ስም ተነሥቶ ወደ ራስ መውረድ የሚያምር ዛፍ ያስገኛል፤ ዛፉ ግን የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ስትጠይቁ «ቤተሰባችን ከየት ነው?» ከማለት ይልቅ «አያትህ የተጠመቁት በየትኛው አጥቢያ ነው?» ማለት ይበልጣል፤ የፊንላንድ መዝገብ ሁሉ የተደራጀው በአጥቢያ ነው፣ አጥቢያውን ያላወቀ ሰው ከበሩ አያልፍም። የስሙን ስፋት ለማወቅ የሕዝብ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚሰጠው የስም አገልግሎት አለ፤ ስሙን ስትጽፉ ስንት ሰው እንደያዘው ይነግራችኋል። ቁጥሩ በሺዎች ከሆነ ስሙ ብቻውን ወደ አንድ ቤተሰብ አያደርሳችሁም፤ ጥቂት አሥሮች ከሆነ ግን ምናልባት ሁሉም ከአንድ እርሻ ወይም ከአንድ ማመልከቻ የወጡ ናቸው። ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት በታች የሆኑ የቤተ ክርስቲያን መዛግብት በግላዊነት ምክንያት በይፋ ስለማይታዩ፣ የቅርቡን ትውልድ መረጃ በማመልከቻና በክፍያ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከመቶ ዓመት በላይ ያለው ግን ብዙው ከቤት ሳይወጡ ይገኛል። በ1917 የተቋቋመው የፊንላንድ የትውልድ ሐረግ ጥናት ማኅበር ሂስኪ የተባለ ነጻ የመረጃ ቋት አለው፤ በዚያ ውስጥ የጥምቀት፣ የጋብቻ፣ የቀብርና የመኖሪያ ለውጥ ዝርዝሮች ከመጻሕፍቱ ተገልብጠው ይገኛሉ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ደግሞ አስቲያ በተባለው አገልግሎቱ የመጻሕፍቱን ፎቶግራፍ ያቀርባል። ሂስኪ መንገድ ይመራል፤ የሚታመነው ግን ፎቶግራፉ ነው፤ ገልባጭ ይሳሳታልና።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የላቀው የቁርባን መዝገብ ነው። ቀሳውስት የምእመናኑን ዝርዝር እንዲይዙ የ1686 የቤተ ክርስቲያን ሕግ አዝዞ ነበር፤ መዝገቡም የተዘጋጀው በመንደር፣ ከመንደር በታች በእርሻ፣ ከእርሻ በታች በቤተሰብ ነው። ገጹን ስትከፍቱ ከላይ የእርሻው ስም ይኖራል፤ ቀጥሎ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከዚያም ሎሌውና ገረዷ በቅደም ተከተል ይሰፍራሉ፤ በስተቀኝ የትውልድ ቀን፣ ማንበብ መቻልና ትምህርተ ሃይማኖት ማወቅን የሚያሳዩ ምልክቶች፣ የቆረቡባቸው ቀናት፣ ከየት ገጽ እንደመጡና ወደ የት እንደሄዱ ይታያል። የሞተው ሰው ስም በመስመር ይሰረዛል። አንድ ጥራዝ ጥቂት ዓመታትን ስለሚሸፍን፣ አንዱን ቤተሰብ ከጥራዝ ወደ ጥራዝ እየተከተሉ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። አንድ ቤተሰብን እንዲህ በእጅ ጽሑፍ ሲያድግና ሲመናመን ማየት ከየትኛውም የስም ትርጉም የበለጠ ይነካል።

ቋንቋው ግን ስዊድንኛ ነው፤ አገሩ እስከ 1809 በስዊድን ሥር ስለነበር፣ ከዚያም በሩሲያ ዘመን ቀሳውስቱ ልማዱን ስላልተዉ፣ ብዙው መዝገብ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ በስዊድንኛ ተጽፏል። በቤቱ ሄይኪ የሚባለው ሰው በመዝገብ ሄንሪክ ነው፤ ዩሆ ዮሃን ይሆናል፣ አንቲ አንደርስ፣ ፔካ ፔር፣ ካይሳ ካታሪና፣ ሊሳ ኤሊሳቤት። ሎሌው «ድሬንግ»፣ ገረዷ «ፒጋ»፣ ሚስት «ሁስትሩ» ተብለው፣ እነዚህም ቃላት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ አጥረው ይገኛሉ። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ለእኛ አንባቢ አዲስ ባይሆንም አንድ ነገር ልብ ይባል፦ በ1753 ከየካቲት 17 በቀጥታ ወደ መጋቢት 1 ስለተዘለለ፣ በመካከል ባሉት ቀናት የተወለደ ሰው የለም።

የምዕራቡን ልማድ በቅርበት ለማየት አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ሰዎቹን ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ አሠራሩ ግን በሃሜም ሆነ በሳታኩንታ መዛግብት በየገጹ ያለ ነው። በማቲላ እርሻ ሦስት ወንድማማቾች ተወለዱ። ታላቁ እርሻውን ወረሰና ማቲላ ተባለ። መካከለኛው አንቲ ወደ ጎረቤት መንደር ሎሌ ሆኖ ሄደ፤ በዚያ ዘመን የተጻፈው አንደርስ ዮሃንሶን፣ ማለትም የዮሃን ልጅ አንደርስ ተብሎ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሄይኪላ እርሻ ባለቤት ሴት ልጅ አግብቶ አማች ሆኖ ገባ፣ ከሠርጉ በኋላም አንቲ ሄይኪላ ሆነ። ታናሹ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ኮረብታ ላይ ጎጆ ቀለሰና በጎጆው ስም ማኪ ተባለ። ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስት የቤተሰብ ስሞች። የአንቲ የልጅ ልጅ «ሄይኪላ ከየት መጣ?» ብሎ ስሙን ወደ ኋላ ቢከተል የሚደርሰው ወደ ሴት አያቱ ወገን ነው፤ እርሻው በሽያጭ የተላለፈ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምንም ዝምድና ወደሌለው ሰው ይደርስ ነበር። ስለዚህ በምዕራብ ሁለት ታሪክ ለየብቻ ይጠናል፤ አንዱ የሰዎቹ፣ ሌላው የእርሻው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በአንድ የምዕራብ መንደር በሰባት ዓመት ልዩነት የተወለዱ ሁለት ሄንሪክ ማትሶኖች ነበሩ፤ እኔ ሂስኪ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁትን ይዤ ሁለት ወር ያህል የሌላ ሰው አያቶች ስቆጥር ቆየሁ። የዳንኩት የቁርባን መዝገቡን ስከፍት ነው፤ የእኔ ነው ያልኩት ሄንሪክ በአራት ዓመቱ በፈንጣጣ ሞቶ ስሙ በመስመር ተሰርዞ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው የማረጋግጠው በሦስት ነገር ነው፦ በትውልድ ቀኑ፣ በእርሻው ስምና ከየት ገጽ እንደመጣ በሚያሳየው ቁጥር። ሦስቱ ካልገጠሙ አላልፍም።

የምሥራቅ ስም ያለው ሰው ሌላ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። ስሙ ሳይለወጥ ስለወረደ ሰንሰለቱ አይበጠስም፤ ነገር ግን በአንድ አጥቢያ ኮርሆነን ወይም ሄይኪነን የሚባሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የአጻጻፉም ነገር አለ፤ ኮርሆነን በድሮ መዛግብት «ኮርሆይን» ተብሎ ይገኛል፣ ሴቲቱ ደግሞ «ኮርሆታር» ትባላለች። በምሥራቅ ያገባች ሴት የአባቷን ወገን ስም እንደያዘች መቆየቷ ለአጥኚው ትልቅ በረከት ነው፤ ሚስት የባሏን ስም እንድትይዝ ያስገደደው የ1929 የጋብቻ ሕግ ነውና፣ ግዴታው የቀረውም በ1980ዎቹ ነው። በፊንላንድኛ ጽሑፍ ስትፈልጉም ስሙ እንደሚረባ አትርሱ፤ «የኮርሆነን» ለማለት «ኮርሆሰን»፣ ለብዙ ሰዎች «ኮርሆሰት» ይባላል። ሁለት ነጥብ የተደረገባቸው ፊደላት ደግሞ በፊደል ተራ የሚቀመጡት ከሁሉም በኋላ ነው፤ በመጨረሻ ላይ ሳያዩ «ስሙ የለም» ብሎ መጽሐፉን የዘጋ ብዙ ነው። በአባት መስመር በሚወርደው የዋይ ክሮሞሶም የሚደረግ የዘረ መል ምርመራ ለምሥራቅ ስሞች ጥሩ ረዳት ነው፤ ለእርሻ ስም ግን፣ ከላይ በተነገረው ምክንያት፣ ብዙም አይጠቅምም።

አጭርና ስዊድንኛ የሆነ ስም፣ ለምሳሌ ራስክ (ፈጣን)፣ ሞዲግ (ደፋር)፣ ስታርክ (ብርቱ)፣ ሲያጋጥም ወታደርን መጠርጠር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተዘረጋው ሥርዓት ጥቂት እርሻዎች ተሰብስበው አንድ ወታደር ያቆሙ ነበር፤ ወታደሩ ሲቀጠር የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ የምድቡ ነው፤ አንዱ ሲሞት ተተኪው ያንኑ ስም ይረከባል። ስለዚህ በአንድ መንደር ተከታትለው የተመዘገቡ ሦስት ራስኮች አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ላይሆኑ ይችላሉ።

የቀረው የጋዜጣው መንገድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊንላንድኛን የትምህርትና የመንግሥት ቋንቋ ለማድረግ የታገለው የዮሃን ቪልሄልም ስኔልማን 100ኛ የልደት ዓመት በሚከበርበት ግንቦት 12፣ 1906 ሕዝቡ የስዊድንኛ ስሙን በፊንላንድኛ እንዲለውጥ ደራሲው ዮሃነስ ሊናንኮስኪ ጥሪ አቀረበ፤ በዚያና በተከታዩ ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸውን ለወጡ። ሊናንኮስኪ ራሱ በልደቱ ቪህቶሪ ፔልቶነን ነበር። አለዋወጡ የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ተርጉሟል፦ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ፓሲኪቪ ከዚህ ማዕበል ቀደም ብሎ በ1885 ሄልስተን የሚለውን ስሙን ሲለውጥ «ጠፍጣፋ ድንጋይ» የሚለውን ትርጉም ጠብቋል። አንዳንዱ ወደ ቤተሰቡ የጥንት እርሻ ስም ተመለሰ፤ ሠዓሊው አክሰል ጋለን በ1907 አክሴሊ ጋለን ካለላ የሆነው እንዲህ ነው። ብዙው ግን የወደደውን መረጠ። ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ካለቫላ የተባለው የፊንላንድ ብሔራዊ የግጥም መጽሐፍ 100ኛ ዓመት በተከበረበት በ1935 ነው። ለውጦቹ በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ ላይ አሮጌው ስም ከአዲሱ ጎን ሆኖ ታትመዋል፤ የድሮ ጋዜጦችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በዲጂታል መልክ ስላቀረባቸው፣ ስማችሁ በ1906 አካባቢ ከመዝገብ ድንገት ቢጠፋ መጀመሪያ የምታዩት እዚያ ነው።

ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ከተሰደደ ስሙ ነጥቦቹን ጥሎ፣ አጥሮ ወይም ተተርጉሞ ሊሆን ይችላል፤ ማኪ የነበረው «ሂል» ሆኖ ይገኛል፣ ሁለቱም ኮረብታ ናቸውና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሶቪየት ኅብረት ከተሰጠችው ካሬሊያ ከተፈናቀሉት ከ400,000 በላይ ሰዎች ወገን ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ካቲሃ የተባለው የካሬሊያ አጥቢያዎች የመረጃ ቋት አለ።

ወደ ኋላ ስትሄዱ አንድ ቦታ መጽሐፉ ያልቃል። ሩሲያ ፊንላንድን በያዘችባቸው ከ1713 እስከ 1721 ባሉት ዓመታት ብዙ የቤተ ክርስቲያን መዛግብት ጠፍተዋል፤ በ1827 የቱርኩን ከተማ የበላው እሳትም ሌላ ብዙ ሰነድ አቃጥሏል። ከዚያ በፊት ያለውን የሚሞሉት የግብር መዛግብት ናቸው፦ ከ1634 የሚጀምሩት የራስ ግብር ዝርዝሮች፣ ከእነሱም በፊት ከ1530 እስከ 1634 ያሉት የንጉሡ ግብር ሰብሳቢዎች ሒሳብ። በእነዚህ ሴቶችና ልጆች በአብዛኛው አይታዩም፤ የሚታየው ግብር የከፈለው ሰው፣ የመንደሩ ስምና የከፈለው መጠን ነው። በማስታወሻችሁ ላይ ስሙ በሰነድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበትን ዓመት፣ አጥቢያውን፣ በዚያ ገጽ የተጻፈበትን ፊደል ሳታስተካክሉ ገልብጡ፤ በግምት የተያያዘውን ትውልድም ከተረጋገጠው በሚለይ ቀለም ጻፉት።